ኮንቴይነር ውስጥ ፈዚንግ፦ ሌሊቱን ሙሉ ሮጦ ባዶ እጁን እንዳይመለስ

ፈዘሩን፣ ማለትም ለፕሮግራም የተበላሸ ግብዓት እየሰጠ ባግ (ስህተት) የሚፈልገውን መሣሪያ፣ አስነስታችሁ ትተኛላችሁ። ጠዋት ስታዩት የክራሹ (የፕሮግራሙ መውደቅ) ቁጥር ዜሮ ነው። «ፕሮግራሜ ንጹህ ነው ማለት ነው» ብላችሁ ትዘጉታላችሁ፣ ከሳምንት በኋላ ግን አንድ ሰው የተበላሸ ፋይል ይሰጠውና ፕሮግራሙ ድርግም ይላል።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፣ በራሴም ደርሷል። ሁሌ ማለት ይቻላል ጥፋቱ የፈዘሩ አይደለም። ችግሩ ያለው ኮንቴይነሩና ሆስቱ (ኮንቴይነሩ የሚሮጥበት ማሽን) በሚገናኙበት ቦታ ነው። ኮንቴይነር ፕሮግራም ተለይቶ የሚሮጥበት ሣጥን ነው፤ የራሱ ፋይሎች አሉት፣ የራሱ ፕሮሰሶች አሉት፣ የራሱ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ግን የለውም። የሚሠራው በሆስቱ ከርነል ነው። ፈዘር ደግሞ ከከርነል ጋር ቀን ከሌት የሚጨቃጨቅ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ መስተካከል ካለባቸው ነገሮች ግማሾቹ ያሉት ከኮንቴይነሩ ውጭ ነው፣ ውስጥ ሆናችሁ ብትፈልጓቸው አታገኟቸውም።

መመሪያው ለሲ እና ለሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራሞች ነው። መሣሪያዎቹ ኮንቴይነር የሚያስነሳው ዶከር እና ፈዘሩ ኤኤፍኤል ፕላስ ፕላስ (ከዚህ በኋላ ባጭሩ ኤኤፍኤል) ናቸው። የትዕዛዞቹንና የአማራጮቹን ስም በአነባበባቸው ነው የምጽፈው። «ኤኤፍኤል» ብለው የሚጀምሩ ቅንብሮች ተርሚናል ላይ በትልልቅ ፊደላት፣ በቃላቱ መካከል የሥር ሰረዝ ገብቶባቸው ይጻፋሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህ ከሌሉ አትጀምሩ፦

- ሊኑክስ የሚሠራበት ሆስት፣ የሩት ፈቃድ ያላችሁበት። ማክ ወይም ዊንዶውስ ላይም ይሠራል። ግን እዚያ እውነተኛው ሆስት ዶከር ከጀርባ የሚያስነሳው የሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን መሆኑን አትርሱ።
- የፕሮግራሙ ሶርስ ኮድ። ሶርሱ ከሌላችሁም መንገድ አለ፣ ደረጃ 3 ላይ እነግራችኋለሁ።
- ፕሮግራሙ ግብዓት የሚቀበልበትን መንገድ ማወቅ። ከፋይል ነው? ከስታንዳርድ ኢንፑት ነው? ከኔትወርክ ከሆነ መጀመሪያ የሚተነትነውን ክፍል ነጥላችሁ አውጡና ፋይል እንዲያነብ አድርጉት።
- የራሳችሁ ፕሮግራም፣ ወይም እንድትፈትሹት የተፈቀደላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፈዘር ለፕሮግራማችሁ የማይታሰብ ግብዓት ነው የሚሰጠው። ፕሮግራሙ ፋይል የመሰረዝ ወይም ሌላ ትዕዛዝ የማስነሳት አቅም ካለው፣ አንድ ቀን ያደርገዋል። የሆም ፎልደራችሁን ወደ ኮንቴይነሩ በፍጹም አታስገቡ። የዶከርን ሶኬት ፋይልም እንዲሁ። እሱን ያስገባ ሰው ሆስቱን በሙሉ አሳልፎ ሰጥቷል።

ደረጃ 1፦ ሆስቱን አዘጋጁ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። አትቸኩሉ።

የኮር ደምፕ ቅንብር

ሆስቱ ላይ «ፕሮክ» ውስጥ፣ «ሲስ»፣ ከዚያ «ከርነል» ሥር «ኮር ፓተርን» የሚባል ፋይል አለ። ክፈቱና የመጀመሪያውን ምልክት እዩ። ቀጥ ያለች መስመር (|) ከሆነች፣ ከርነሉ አንድ ፕሮግራም ሲወድቅ የወደቀበትን መረጃ (ኮር ደምፕ) ለሌላ ፕሮግራም ያቀብላል ማለት ነው። ኡቡንቱ ላይ ተቀባዩ ብዙ ጊዜ አፖርት የሚባለው የክራሽ ሪፖርት አድራጊ ነው።

ይህ ለፈዚንግ መርዝ ነው። መረጃው እስኪተላለፍ ድረስ ፕሮግራሙ መሞቱ ለፈዘሩ አይነገረውም። ፈዘሩ ይጠብቃል፣ ጊዜው ያልፍበታል፣ ከዚያ ክራሹን «ዘገየ» ብሎ ይመዘግበዋል። እውነተኛ ባግ በእጃችሁ ገብቶ እንዲህ ያመልጣል። ኤኤፍኤል ይህን ስለሚያውቅ ቅንብሩን ሲያይ አልነሳም ብሎ ይቆማል።

ማድረግ ያለባችሁ ይህን ነው፦

1. ከኮንቴይነሩ ውጡ። ሆስቱ ላይ ሁኑ።
2. በሩት ፈቃድ የፋይሉን ይዘት «ኮር» በሚል አንድ ቃል ተኩት።
3. ፋይሉን መልሳችሁ አንብቡና መቀየሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ኮንቴይነሩ ውስጥ ሆናችሁ ብትሞክሩት «ፋይሉ የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት አይደለም» የሚል ስህተት ታገኛላችሁ። ማክ ወይም ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ለዚህች ሥራ ብቻ «ፕሪቪሌጅድ» የሚለውን ፈቃድ የተሰጠው ኮንቴይነር አስነሡ፣ ቅንብሩን ቀይሩ፣ ወዲያው ዝጉት። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ቅንብሩ ወደ ድሮው ይመለሳል። «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ምን ነካው?» የሚያሰኘው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ሌላ ምክር ታገኛላችሁ፦ «ኤኤፍኤል አይ ዶንት ኬር አባውት ሚሲንግ ክራሽስ» የሚለውን ቅንብር 1 አድርጉት ይላል። ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፣ ፈዘሩም ይነሳል። ግን ስሙን ልብ ብላችሁ አንብቡት። «ክራሽ ቢያመልጠኝ ግድ የለኝም» ነው የሚለው። ሆስቱን መንካት ፈጽሞ ካልተፈቀደላችሁ ተጠቀሙበት፣ ከዚያ ውጭ ግን አትንኩት። ክራሽ ለማግኘት ተነስታችሁ ክራሽ ቢያመልጥ ግድ የለኝም ማለት ልፋትን መና ማስቀረት ነው።

የአድራሻ ማቀላቀያው

አዲስ ከርነል ላይ «ቪኤም» ሥር ያለው «ኤምማፕ አርኤንዲ ቢትስ» የሚባለው፣ ከርነሉ የሜሞሪ አድራሻዎችን ምን ያህል እንደሚያቀላቅል የሚወስነው ቁጥር 32 ሊሆን ይችላል። ቆየት ባለ ክላንግ (የሲ ኮምፓይለር) ኮምፓይል የተደረገ፣ አድረስ ሳኒታይዘር (የሜሞሪ ስህተት ፈታሽ) ያለበት ፕሮግራም በዚህ ቁጥር አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ ገና ሲጀምር ይወድቃል። ያለምክንያት የሚዋልል ነገር ካያችሁ ሆስቱ ላይ ቁጥሩን 28 አድርጉትና ደግማችሁ ሞክሩ። ይህም የከርነል ነገር ነው፣ ከውስጥ አይስተካከልም።

ፍጥነት

ከኤኤፍኤል ጋር የሚመጣ «ሲስተም ኮንፊግ» የሚባል ስክሪፕት አለ። የከርነሉን ቅንብሮች ለፍጥነት ያመቻቻል። ይህን ሲያደርግ ግን አንዳንድ የደህንነት መከላከያዎችን ያላላል። ለሙከራ ብቻ በተለየ ማሽን ላይ አስኪዱት። ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ሰርቨር ላይ አታስኪዱት።

ደረጃ 2፦ ኢሜጁን ያዙ

የኤኤፍኤል ፕላስ ፕላስ ባለቤቶች ያዘጋጁት ኢሜጅ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት የተዘጋጀ ጥቅል) ዶከር ሀብ ላይ አለ። እሱን መነሻ አድርጋችሁ የራሳችሁን ዶከርፋይል (የኢሜጅ መሥሪያ ትዕዛዞች ፋይል) ጻፉ።

ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ «ሌተስት» የሚለውን መለያ አትጠቀሙ፣ አንድ የታወቀ የስሪት ቁጥር ምረጡና እሱ ላይ ጽኑ። ዛሬ የተገኘ ክራሽ ከወር በኋላ በሌላ ኮምፓይለር ላይደገም ይችላል። ሁለተኛ፣ አነስ ይላል ብላችሁ አልፓይን ላይ የተመሠረተ ኢሜጅ አትምረጡ። አልፓይን የሚጠቀመው የሲ ላይብረሪ ግሊብሲ ሳይሆን ሙስል ነው፣ ሳኒታይዘሮቹ እዚያ ላይ ያስቸግራሉ። ሦስተኛ፣ ኢሜጁና የማሽናችሁ ፕሮሰሰር አንድ ዓይነት ይሁኑ። አርም ማሽን ላይ የኢንቴል ኢሜጅ ካስነሳችሁ በማስመሰያ ነው የሚሮጠው፣ ያ ደግሞ ኤሊ ላይ ተቀምጦ ውድድር መግባት ነው።

ደረጃ 3፦ ፕሮግራሙን ኮምፓይል አድርጉ

ይህን ኮንቴይነሩ ውስጥ ሥሩ። ሆስቱ ላይ ኮምፓይል አድርጋችሁ ፋይሉን ወደ ውስጥ ብታስገቡ ላይብረሪዎቹ ላይጣጣሙና «ይህ የግሊብሲ ስሪት አልተገኘም» ሊላችሁ ይችላል።

1. ድሮ ኮምፓይል የተደረገውን ሁሉ አጥፉ። በሜክ ከሆነ «ሜክ ክሊን»፣ በሲሜክ ከሆነ የቢልድ ፎልደሩን በሙሉ ሰርዙት። ሲሜክ ኮምፓይለሩን መጀመሪያ ሲዋቀር ነው የሚይዘው፣ በኋላ ብትቀይሩ አይሰማችሁም።
2. የሲ ኮምፓይለሩን ወደ «ኤኤፍኤል ክላንግ ፋስት»፣ የሲ ፕላስ ፕላሱን ወደ አቻው ቀይሩ፤ እነዚህ ፈዘሩ የትኛው ኮድ እንደተነካ የሚያይባቸውን ምልክቶች ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገባሉ።
3. ላይብረሪዎቹ በስታቲክ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ፋይል ውስጥ ገብተው፣ እንዲያያዙ አድርጉ። «ኮንፊገር» የሚባል ማዋቀሪያ ስክሪፕት ያለው ፕሮጀክት ከሆነ «ዲሰብል ሼርድ» የሚለውን ስጡት። አለበለዚያ ፈዘሩ የሚያየው ትንሿን ዋና ፕሮግራም ብቻ ሆኖ ቁም ነገሩ ያለበት ላይብረሪ ምልክት ሳይደረግበት ሊቀር ይችላል።
4. «ኤኤፍኤል ዩዝ ኤሳን» የሚለውን 1 አድርጋችሁ ሁለተኛ ቅጂ ኮምፓይል አድርጉ። ይህ አድረስ ሳኒታይዘርን ያስገባል።
5. ሁለቱን ቅጂዎች በተለያየ ፎልደር አስቀምጡ።

ሳኒታይዘሩ ለምን አስፈለገ? ሜሞሪ ላይ ከድንበር ያለፈ ንባብ ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙን አይጥለውም። ዝም ብሎ የተሳሳተ ነገር ያነብና ይቀጥላል። ሳኒታይዘሩ ያኔ ፕሮግራሙን ሆን ብሎ ይጥለዋል፣ ፈዘሩም ያየዋል። ዋጋው ፍጥነት ነው፣ በግምት ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሜሞሪም ይበላል። ሁለት ቅጂ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ሲበላሽ፦ ኮንፊገር ሳኒታይዘር ሲገባበት ግራ የሚያጋባ ስህተት ከሰጠ፣ ራሱ የሚሠራቸው ትንንሽ መሞከሪያ ፕሮግራሞች ሜሞሪ ስለሚያፈሱ ሊሆን ይችላል። ለኮንፊገር ጊዜ ብቻ የሳኒታይዘሩን የሜሞሪ ፍሳሽ ፍተሻ አጥፉ። ግን ያንን ቅንብር ዶከርፋይሉ ላይ አትጻፉት! እዚያ ከቀረ ፈዘሩ ሲነሳ ያገኘዋል። ኤኤፍኤል የሳኒታይዘር አማራጮችን ራሱ ነው የሚያዘጋጀው፣ የእናንተን ካገኘና የሚፈልጋቸው ነገሮች ከሌሉበት አልነሳም ይላል።

ሶርስ ኮዱ ከሌላችሁ፦ የኪው ኢሙ ሞድን (ፕሮግራሙን በማስመሰያ የሚያስሮጠውን) ተጠቀሙ፣ ፈዘሩ ሲነሳ በትልቁ «ኪው» ነው የሚበራው። ዘገምተኛ ነው፣ ከ2 እስከ 5 እጥፍ ፍጥነት ታጣላችሁ። ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች ሁሉ ኮንቴይነሩ ውስጥ ማስገባት የእናንተ ሥራ ነው። አንዱ ከጎደለ ፈዘሩ «ፎርክ ሰርቨሩ (ፕሮግራሙን ለየሙከራው የሚያስነሳው ክፍል) መልስ አልሰጠም» ይላል እንጂ የጎደለው ይህ ነው አይላችሁም። ስለዚህ ፕሮግራሙን መጀመሪያ ያለ ፈዘር በእጃችሁ አስኪዱት።

ደረጃ 4፦ መነሻ ፋይሎቹን ሰብስቡ

እነዚህ ፈዘሩ እየለዋወጠ የሚሞክራቸው ናሙና ግብዓቶች ናቸው፤ ትንሽ፣ ትክክለኛና የተለያዩ ይሁኑ። ከ1 ኪሎባይት ቢያንሱ ጥሩ ነው። የ5 ሜጋባይት ፎቶ ሰጥታችሁት ፈዘሩ ለምን ዘገየ አትበሉ።

ብዙ ፋይል ካላችሁ «ኤኤፍኤል ሲሚን» በሚባለው መሣሪያ አሳልፏቸው። ተመሳሳይ የኮድ መንገድ የሚነኩትን አስወግዶ ለየት ያሉትን ያስቀርላችኋል። ቅርጹ ቃላት ያሉት ከሆነ፣ ለምሳሌ ጄሰን ወይም ኤክስኤምኤል፣ ዲክሽነሪ ፋይል (የቅርጹ ቃላት ዝርዝር) ጨምሩለት። ለታወቁ ቅርጾች ከኤኤፍኤል ጋር አብረው የሚመጡ አሉ።

ደረጃ 5፦ ኮንቴይነሩን በትክክል አስነሡ

አንድ ጊዜ ቅዳሜና እሁድን ሙሉ የሮጠ ሥራ ጠፍቶብኛል። ኮንቴይነሩን ያስነሳሁት «አርኤም» በሚለው አማራጭ ነበር፣ ሲቆም ራሱን እንዲያጠፋ። ውጤቱ ደግሞ ውስጡ ነበር። ሰኞ ጠዋት አቆምኩት፣ ክራሾቹም አብረውት ሄዱ። ስለዚህ ከዚህ እንጀምር።

1. ቮልዩም (ኮንቴይነሩ ቢጠፋም የሚቆይ የዶከር ማከማቻ) ፍጠሩና የውጤት ፎልደሩ እዚያ ላይ ይሁን። ማክና ዊንዶውስ ላይ የሆስቱን ፎልደር በቀጥታ ከማገናኘት የዶከር ቮልዩም በጣም ይፈጥናል። ፈዘሩ እልፍ አእላፍ ትንንሽ ፋይሎችን ስለሚጽፍ ልዩነቱ ይታያል።
2. ኔትወርኩን «ኖን» በሉት።
3. ሜሞሪውን ገድቡ፣ ለምሳሌ 4 ጊጋ። «ሜሞሪ ስዋፕ» የሚለውንም አማራጭ ከእሱ እኩል አድርጉት፣ አለበለዚያ ማሽኑ ዲስክ ላይ እየጻፈ ያንቀራፍፋል።
4. የፕሮሰሶችን ቁጥር ገድቡ። ፕሮግራማችሁ ልጅ ፕሮሰስ የሚያስነሳ ከሆነ ይህ ሆስቱን ያድናል።
5. የኮንቴይነሩን ፋይል ሲስተም እንዳይጻፍበት አድርጉ። «ቴምፕ» ፎልደሩን በቴምፕኤፍኤስ፣ ማለትም ሜሞሪ ላይ፣ ስጡት። «ኤኤፍኤል ቴምፕዲር» ወደዚያው ይጠቁም። በየሰከንዱ በመቶዎች ጊዜ የሚለወጠው የሙከራ ፋይል ዲስኩን አያደክመውም።
6. «ኢኒት» የሚለውን አማራጭ ጨምሩ። ያለሱ ፕሮሰስ ቁጥር 1 ሼል ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሼል የማቆሚያ ትዕዛዙን ለፈዘሩ አያስተላልፍለትም፣ ዶከር 10 ሰከንድ ይጠብቅና በጉልበት ይገድለዋል።
7. የሲፒዩ ኮሩን በስሙ ስጡት፣ «ሲፒዩሴት ሲፒዩስ» በሚለው አማራጭ።

7ኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ኤኤፍኤል ሲነሳ ሌሎች ፕሮሰሶች የያዙትን አይቶ ነፃ የሲፒዩ ኮር ይመርጣል። ኮንቴይነር ውስጥ ግን የሚያየው የራሱን ፕሮሰሶች ብቻ ነው። ሁለት ኮንቴይነር ስታስነሡ ሁለቱም «ኮር ዜሮ ነፃ ነው» ይሉና እዚያው ላይ ይደራረባሉ፣ ሌሎቹ ኮሮች ቁጭ ብለው አንዷ ትቃጠላለች። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኮንቴይነር የተለያየ ኮር ስጡ፣ ውስጥ ደግሞ «ኤኤፍኤል ኖ አፊኒቲ» የሚለውን 1 አድርጉ፣ ምርጫውን ለእናንተ እንዲተው።

ከጀርባ የምታስሮጡት ከሆነ «ኤኤፍኤል ኖ ዩአይ» 1 ይሁን። የዶከር ሎግንም በመጠን ገድቡ፣ 10 ሜጋባይት ይበቃል። ዶከር በነባሪው የሎግ ፋይሉን አይገድብም፣ ሳምንት የሚሮጥ ፈዘር ዲስክ ሊሞላ ይችላል።

ደረጃ 6፦ ሆን ብላችሁ ባግ ትከሉ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። እባካችሁ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ያዙ።

1. የፕሮግራሙን ቅጂ ያዙ። ግብዓቱ በሚነበብበት ቦታ ሦስት ፊደላትን አንድ በአንድ፣ በተደራረበ «ኢፍ» የሚያይ ኮድ ጨምሩ። ሦስቱም ከተገኙ «አቦርት» ይጥራ። ባዶ ፖይንተር በመንካት ለመጣል አትሞክሩ፣ ኮምፓይለሩ አስተካክሎ ሊያጠፋው ይችላል።
2. በደረጃ 3 መሠረት ኮምፓይል አድርጉ።
3. ሦስቱን ፊደላት የያዘ ፋይል በእጃችሁ ስጡት። መውደቁን እዩ።
4. አሁን ያንን ፋይል ሳትሰጡ ፈዘሩን አስነሡት፣ በዚያው ኮንቴይነር፣ በዚያው ገደብ። የግብዓት ፎልደር፣ የውጤት ፎልደር፣ ከዚያ ሁለት ሰረዝ፣ ከዚያ ፕሮግራሙ። ፕሮግራሙ ከፋይል የሚያነብ ከሆነ በፋይሉ ስም ቦታ @@ ጻፉ። ከስታንዳርድ ኢንፑት ከሆነ ምንም አትጻፉ።
5. ጠብቁ። ፈጣን ለሆነ ትንሽ ፕሮግራም በደቂቃዎች ውስጥ ሊያገኘው ይገባል።
6. ኮንቴይነሩን አቁሙት፣ አጥፉት። ከዚያ ቮልዩሙን በሌላ ኮንቴይነር ክፈቱና የክራሹ ፋይል መኖሩን እዩ።

ካገኘው፣ ሰንሰለቱ ሁሉ ይሠራል ማለት ነው፦ ኮምፓይለሩ፣ ከርነሉ፣ ቮልዩሙ። ካላገኘው እውነተኛውን ሩጫ መጀመር ዋጋ የለውም፣ የተከላችሁትን ባግ ያላየ ፈዘር የተደበቀውን አያይም። @@ መረሳቱን መጀመሪያ እዩ፣ በጣም የተለመደው ስህተት እሱ ነው። ከዚያ ኮር ፓተርኑን። ከዚያ ቅጂው በእርግጥ በኤኤፍኤል ኮምፓይለር መሠራቱን።

ሲጨርስ የተከላችሁትን ኮድ ማውጣት እንዳትረሱ።

ደረጃ 7፦ እውነተኛውን ሩጫ ጀምሩ

አንድ ዋና ፈዘር በትልቁ «ኤም»፣ የቀሩትን ረዳቶች በትልቁ «ኤስ» አስነሡ፣ ለእያንዳንዳቸው የተለያየ ስም ሰጥታችሁ። ሁሉም አንድ የውጤት ፎልደር ይጋሩ፣ ያገኙትን እርስ በርሳቸው ይለዋወጣሉ። የሳኒታይዘሩን ቅጂ ለአንዱ ብቻ ስጡ። ሌሎቹ በፈጣኑ ቅጂ ይሩጡ።

ስክሪኑ ላይ ሁሉንም ቁጥር ማየት አያስፈልግም። እነዚህን እዩ፦

ፍጥነት። በሰከንድ ከ500 በላይ ከሆነ ደህና ነው። ከ100 በታች ከወረደ ኤኤፍኤል ራሱ «ቀርፋፋ» ብሎ ይጽፍላችኋል። ያኔ ፋይሎቹን አሳንሱ፣ ቴምፕ ፎልደሩ ሜሞሪ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ትልቁ መፍትሔ ፐርሲስተንት ሞድ ነው። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ሙከራ ሞቶ ከመነሳት ይልቅ በአንድ ሉፕ ውስጥ ሺህ ጊዜ ይሞከራል፣ ፍጥነቱ ብዙ እጥፍ ይጨምራል። ግን በየዙሩ ግሎባል ቫሪያብሎቹን ወደ መነሻቸው መመለስ፣ የተያዘውንም ሜሞሪ መልቀቅ አለባችሁ። ይህን የዘነጋ ሰው ከአንድ ዙር ወደ ሌላው በሚተላለፍ ቆሻሻ የተፈጠረ፣ ሊደገም የማይችል ክራሽ ይታቀፋል።

ስታቢሊቲ። ያው ግብዓት ሁልጊዜ ያው መንገድ ይሄዳል ወይ ነው ጥያቄው። ከ100 በመቶ ትንሽ ቢወርድ አያስደነግጥም። በጣም ከወረደ ፕሮግራሙ ውስጥ ሰዓት፣ ራንደም ቁጥር ወይም ትሬድ አለ። ለሙከራው አጥፏቸው።

የመጨረሻው አዲስ ግኝት። ከተነሳ 10 ደቂቃ አልፎት አንድም አዲስ መንገድ ካላገኘ ግብዓቱ ፕሮግራሙ ውስጥ አልገባም። አቁሙትና ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ። ከቀናት በኋላ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፣ የዙር ቁጥሩም አረንጓዴ ከሆነ ያሉት መነሻ ፋይሎች የሚወስዱትን ወስደዋል። አዲስ ዓይነት ፋይል ጨምሩ።

ሲበላሽ

«ፎርክ ሰርቨሩ መልስ አልሰጠም»፦ ላይብረሪ ጎድሏል ወይም ሜሞሪ አልበቃም። በሳኒታይዘር የተሠራ ፕሮግራም ላይ የኤኤፍኤልን የራሱን የሜሞሪ ገደብ፣ ትንሹን «ኤም»፣ አትጠቀሙ። ሳኒታይዘሩ በቴራባይት የሚቆጠር የአድራሻ ቦታ ያስይዛል፣ ባይጠቀምበትም። በዚያ ገደብ ፈጽሞ አይነሳም። የዶከሩ ገደብ ግን በእርግጥ የተያዘውን ሜሞሪ ስለሚቆጥር ይበቃል።

ኮንቴይነሩ በ137 ከወጣ፦ በሲግናል 9 ተገድሏል። ብዙ ጊዜ ሜሞሪ አልቆበት ነው። በዶከር ኢንስፔክት እዩት፣ «ኦኦኤም ኪልድ» የሚለው ቦታ እውነት ወይስ ሐሰት እንደሆነ ይነግራችኋል።

«መነሻ ፋይሉ ራሱ ክራሽ ያደርጋል»፦ እንኳን ደስ አላችሁ፣ የመጀመሪያውን ባግ ሳትሮጡ አገኛችሁ። ፋይሉን ለብቻ አስቀምጡና ከመነሻዎቹ አውጡት።

መብራት ጠፍቶ ወይም ማሽኑ ተዘግቶ ከሆነ፦ የግብዓት ፎልደሩን ስም በአንድ ሰረዝ (-) ተክታችሁ አስነሡት፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ከዚያ በፊት ግን ኮር ፓተርኑን እዩ። ማሽኑ ጠፍቶ ስለተነሳ ተመልሷል።

ደረጃ 8፦ ክራሾቹን መርምሩ

200 የክራሽ ፋይል አገኛችሁ ማለት 200 ባግ አገኛችሁ ማለት አይደለም። አምስት ሊሆን ይችላል፣ አንድም ሊሆን ይችላል።

1. ፋይሎቹን በታር ጠቅልላችሁ ቅጂ አስቀምጡ። ስማቸው ውስጥ ሁለት ነጥብ (:) ስላለ ዊንዶውስ ላይ አንድ በአንድ አይገለበጡም።
2. የፋይሉን ስም አንብቡ፣ የሲግናሉ ቁጥር አለበት። 11 የተከለከለ ሜሞሪ መንካት ነው። 6 አቦርት ነው፣ ሳኒታይዘሩ የያዘው በዚህ ይመጣል። 9 ካያችሁ ተጠራጠሩ፣ ከርነሉ ሜሞሪ አልቆ ፕሮግራሙን ገድሎት ሊሆን ይችላል። ግን ዝም ብላችሁ አትጣሉት። 50 ባይት ፋይል 4 ጊጋ ሜሞሪ የሚያስበላ ከሆነ እሱም ባግ ነው።
3. እያንዳንዱን ፋይል በዚያው ኢሜጅ ውስጥ ለሳኒታይዘሩ ቅጂ በእጃችሁ ስጡ። ያለ ፈዘር። ፈዘሩ ለፍጥነት ሲል የፈንክሽን ስሞችን ማሳየት አጥፍቶታል፣ እናንተ ስታስኬዱት ስሙና የመስመር ቁጥሩ ይወጣል። ካልወጣ «ኤልኤልቪኤም ሲምቦላይዘር» ኢሜጁ ውስጥ የለም፣ ወይም ስትኮምፓይሉ የዲበግ መረጃ አልጨመራችሁም።
4. ከስታክ ትሬሱ (ፕሮግራሙ ሲወድቅ የነበሩት የፈንክሽን ጥሪዎች ዝርዝር) ላይ የላይኞቹን ሦስት ፈንክሽኖች እዩ። አንድ ዓይነት የሆኑትን በአንድ ፎልደር አድርጉ።
5. ከየፎልደሩ አንዱን ምረጡና በ«ኤኤፍኤል ቲሚን» አሳንሱት። ክራሹን የማያመጣውን ባይት ሁሉ ይቆርጥላችኋል። ከ3,000 ባይት 12 ባይት ሲቀር ባጉ ብዙ ጊዜ ራሱን ይናገራል።

ጂዲቢ (ዲበገሩ) አልያያዝ ካለ፣ ወይም የሜሞሪ ፍሳሽ ፈታሹ ራሱ ከወደቀ፣ ኮንቴይነሩ ሌላ ፕሮሰስ የመከታተል ፈቃድ ላይኖረው ይችላል። ለምርመራው ኮንቴይነር ብቻ «ሲስ ፒትሬስ» የሚለውን ፈቃድ ጨምሩ። ፈዘሩ ለሚሮጥበት አትስጡት፣ አያስፈልገውም።

ክራሹ አልደገም ካለ ደግሞ አትጣሉት። ፋይሉን 50 ጊዜ በሉፕ አስኪዱት። ያኔም ካልወደቀ፣ በፐርሲስተንት ሞድ የተገኘ መሆኑን፣ የሜሞሪ ገደቡም ያኔ ከነበረው ጋር አንድ መሆኑን እዩ።

ደረጃ 9፦ አስተካክሉና ተመለሱ

ባጉን ስታስተካክሉ ያነሰውን የክራሽ ፋይል ከፕሮጀክቱ መደበኛ ሙከራዎች ጋር አስገቡት። የወደቀበትን መስመር ብቻ አይታችሁ አንድ «ኢፍ» አትለጥፉበት፣ የተሳሳተው ርዝመት ከየት እንደመጣ ወደ ላይ ተከተሉት። ለጥፋችሁ ካለፋችሁት ፈዘሩ ያንኑ ባግ በሌላ በር ያመጣላችኋል።

ከዚያ ሁለቱንም ቅጂዎች ከዜሮ ኮምፓይል አድርጉ። የድሮውን ሩጫ ኪው ፎልደር (ፈዘሩ ያገኛቸውን ለየት ያሉ ግብዓቶች የሚያስቀምጥበትን) በሲሚን አሳልፋችሁ መነሻ አድርጉት፣ አዲስ የውጤት ፎልደር ክፈቱ፣ አስነሡት። አንድ ቀላል ባግ መንገዱን ዘግቶት ከነበረ፣ እሱ ሲነሳ ከጀርባው ያለው ኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ ይነካል፤ ስለዚህ በሁለተኛው ሩጫ መጀመሪያ ሰዓታት ስክሪኑን ተከታተሉት።